የቤትና የሰፈር ፎቶ በአንድ ሌንስና በአንድ መስኮት፦ ከማታ ዝግጅት እስከ ማሳጠብ

ካሜራ የገዛ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ነው። እናቱ ቡና ስታፈላ ያያል፤ ደስ ይለዋል፤ ካሜራውን ያወጣል። እናት "ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ" ትላለች። ተመልሳ ትቀመጥና ቀጥ ብላ ሌንሱን ታያለች። ፎቶው ሲታይ ፊቷ ጠቁሯል። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ፈንድቷል። ያ ሁሉ ጭስ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም።

እኔም የመጀመሪያዬ ቀን 140 ፎቶ አንስቼ የተረፉኝ 2 ናቸው። ጥፋቱን ለሌንሱ ሰጥቼ ሌላ ሌንስ ተበደርኩ። ያው ሆነ። በኋላ ሲገባኝ፣ ሰውየውን እያሳደድኩ ብርሃኑን ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ መቀመጫ፣ በመጨረሻ ሰው። ይህ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። መለማመጃችን ቡና ነው፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ጭስ አለው፣ ደግሞም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራ ለሌላችሁ በየቦታው "በስልክ" የሚል አስገብቻለሁ።

ደረጃ 1፦ ማታውኑ አዘጋጁ

ጠዋት ላይ ባትሪ ፍለጋ ከጀመራችሁ ብርሃኑ አልፏችሁ ይሄዳል።

1. ባትሪውን አመሻሽ ላይ ሰኩት። "ልተኛ ስል እሰካዋለሁ" ያለ ሰው መብራት ይጠፋበታል።

2. ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። መገልበጡን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት።

3. ሌንሱን ጥረጉ። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አራግፉ፣ ቀጥሎ ለመነጽር በሚሆን ለስላሳ ጨርቅ በክብ በክብ ጥረጉ። በሸሚዝ ጫፍ አይሆንም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን ትቧጭረዋለች። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ይረጫል።

4. ካሜራው ፎቶውን በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) እና በጄፔግ (በተለመደው የፎቶ ፋይል) አንድ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ቀለም ሲበላሽ የሚያድናችሁ ሮው ነው።

5. ፍላሹን አጥፉ። ካሜራው "ቢፕ" የሚለውንም ዝም አሰኙት። ያ ድምፅ ሰውን ያደርቃል።

በስልክ፦ የኋላ ሌንሱን ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ የጣት ቅባት አለበት፤ መስኮት አካባቢ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው በብዛት በዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ ፍሬሙን የሚከፋፍሉትን መስመሮች (ግሪድ) አብሩ፣ የፎቶ ማስቀመጫ ቦታ መኖሩን እዩ።

ደረጃ 2፦ አንድ ሌንስ ምረጡና ለሳምንት አትቀይሩ

ሌንስ መሞከር ማለት በየደቂቃው መቀያየር አይደለም። እንደዚያ ስታደርጉ የትኛው ሌንስ ምን እንደሠራ አታውቁም። አንዱን ሳምንት ሙሉ ያዙ። ዓይናችሁ ርቀቱን ይለምደዋል፤ ካሜራውን ሳታነሱ ፍሬሙ ውስጥ ምን እንደሚገባ ማየት ትጀምራላችሁ።

ከካሜራው ጋር የመጣ 18-55 ዙም ብቻ ካላችሁ

35 ላይ አድርጉትና ዙሙን በወረቀት ፕላስተር ለጥፉት። ቀልድ አይደለም። ፕላስተሩ ከሌለ እጅ ሳያስበው ያዞረዋል። የዚህ ሌንስ ድክመቱ ጨለማ አለመውደዱ ነው፤ 35 ላይ በሰፊው ሲከፈት ኤፍ 4.5 አካባቢ ነው (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም በብዛት ይገባል)። ስለዚህ ከመስኮት አትራቁ።

50 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ካላችሁ

በዋጋ ረከስ ያለ፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ 50 ሚ.ሜ እንደ 80፣ በኒኮን እና በሶኒዎቹ ላይ ደግሞ እንደ 75 ሆኖ፣ ማለትም ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው። ሦስት በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ትሸሻላችሁ፣ አሁንም ረከቦቱና ፊቷ አንድ ላይ አይገቡም። እንዲህ ሲሆን አትታገሉ። ወይ እጅ ብቻ አንሱ፣ ወይ ፊት ብቻ፣ ወይ በር ላይ ቁሙ።

ሌላው ችግር ቅርበት ነው። የካኖኑ ኢኤፍ 50 ኤስቲኤም ከ35 ሴ.ሜ በታች ፎከስ አይዝም፤ የኒኮኑ ኤፍ 1.8ጂ ደግሞ 45 ሴ.ሜ ይፈልጋል። ሲኒው ላይ ተደፍታችሁ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ካጉረመረመ አልተበላሸም። አንድ ክንድ ወደኋላ በሉ።

በስልክ፦ ዋናውን ሌንስ፣ ማለትም "1" የሚለውን ተጠቀሙ። "0.5" ቤት ውስጥ ብርሃን ያንሰዋል፣ ጫፍ ላይ ያለን ሰውም ይለጥጠዋል። ፊት ለማንሳት ደግሞ አፍንጫ ስር አትግቡ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ "2" ላይ አድርጉ። በቅርብ የተነሳ አፍንጫ ሁሌም ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌንስ መቀየር ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት ድፉት፣ አዲሱን ሌንስ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ውጭ ነፋስ ባለበት ፈጽሞ አትክፈቱ። እኔ በጋ ላይ ጉሊት አጠገብ ቀይሬ፣ ወር ሙሉ ሰማይ ባለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስደመስስ ከረምኩ።

ደረጃ 3፦ ካሜራውን አስቀምጡና ብርሃን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

1. የሳሎኑን አምፖል አጥፉ። የመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ይላል፤ የአምፖል ብርሃን ብርቱካናማ ይላል። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ የታመመ፣ ግማሹ የተጠበሰ ይመስላል። ይህንን በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል እጅ እጅ የሚል ሥራ ነው።

2. መዳፋችሁን ዘርጉና ከመስኮቱ አጠገብ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ። እጃችሁን ብቻ እዩ። አንዱ ወገን ብሩህ፣ ሌላው ወገን ጥላ ሆኖ፣ በመሃል የጣቶቹ ቅርጽ ጉልህ የሚልበት ቦታ አለ። በብዙ ቤት ከመስኮቱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ላይ ነው። ሦስት ሜትር ስትርቁ ብርሃኑ ይደክማል።

3. እዚያው ቆማችሁ ዙሩ። መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ ሲሆን እጃችሁ ልሙጥ ይሆናል። በጎን ሲሆን ቅርጽ ያወጣል። ከእጁ ጀርባ ሲሆን ጠርዙ ብቻ ያበራል። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን ሥራቸው ይለያያል። ፊት በጎን ብርሃን ያምራል። ጭስና እንፋሎት የሚታዩት ግን ብርሃኑ ከኋላና ከጎን ሲመጣ፣ ከጀርባቸው ደግሞ ጨለም ያለ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ጭስ ነጭ ግድግዳ ላይ አይታይም።

4. ፀሐይዋ በቀጥታ ወለሉ ላይ ካረፈች ነጭ ስስ መጋረጃ ጋርዱ። መጋረጃ ከሌለ ነጠላ አንጠልጥሉ። ነጠላ በገንዘብ ከሚገዛው ማለስለሻ አያንስም።

5. ይህንኑ በቀን ሦስት ጊዜ ድገሙ፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል። በየሰዓቱ ጥሩ የሆነውን ቦታ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። "የኩሽና በር፣ ጠዋት 2፣ ግራ ፊት" ብትሉ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብርሃን ለመቀነስ መጋረጃ ዝጉ እንጂ ከሰል እየነደደ በርና መስኮት አትዝጉ። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ራስ ማዞር ከጀመረ ፎቶውን ትታችሁ ሁላችሁም ውጡ።

አሁን ረከቦቱ የት ይቀመጥ? በማስታወሻችሁ ላይ ባለው ቦታ። እናታችሁን "እዚህ ተቀመጪ" ከማለት ቄጤማውን ራሳችሁ እዚያ ጎዝጉዙ፣ ዱካውንም እዚያ አድርጉ። ትመጣና ትቀመጣለች። እኔ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ የሚሠራው ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ ካሜራውን ሰው ሳይመጣ አስተካክሉ

አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ራሳችሁ በምትመርጡበት ሞድ ላይ አድርጉ፤ በካኖን ኤቪ፣ በኒኮን እና በሶኒ ኤ ይባላል። ከዚያ፦

1. አፐርቸር፦ በ50ው ሌንስ ከኤፍ 2.8 ጀምሩ። በ18-55 የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ቁጥር ያዙ። "1.8 እያለኝ ለምን?" ትሉ ይሆናል። አነስ ባለ ሴንሰር ላይ ከአንድ ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴ.ሜ እንኳ አይሞላም። ዓይኗ ጥርት ሲል ጆሮዋ ይጠፋል። ወደ ከሰሉ ትንሽ ጎንበስ ስትል ደግሞ ዓይኗም ይጠፋል።

2. አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት)፦ አውቶ ላይ አድርጉት፣ ጣሪያው 3200 ይሁን። ዝቅተኛውን የሸተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ብላችሁ ወስኑ። ይህ ምርጫ የሌላቸው ካሜራዎች ላይ አይኤስኦውን በእጅ 1600 አድርጉና ፍጥነቱን ተከታተሉ።

3. ፎከስ፦ አንድ ነጥብ ብቻ። ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ይይዛል፤ ማለትም ጀበናውን።

4. ዋይት ባላንስ (የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ)፦ የመስኮት ብርሃን ብቻ ከሆነ የፀሐይዋን ምልክት ምረጡ። አውቶ ካደረጋችሁት ከፎቶ ፎቶ ቀለሙ ይዋዥቃል።

5. አንድ ሙከራ አንሱ። ዱካው ላይ ታናሽ ወንድም አስቀምጡ፤ ካልተገኘ ትራስ። ፊቱ የሚሆንበትን ቦታ አጉልታችሁ እዩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይወዳል። ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ያጨልመዋል፤ ያኔ የጠየመ ፊት ድብን ብሎ ይጠቁራል። የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን (+/-) ወደ መደመር ወስዳችሁ ከግማሽ እስከ 1 ጨምሩ። ጥቁር ጀበናና ጨለማ ግድግዳ ሲበዛ ደግሞ ያነጣዋል፤ ያኔ ቀንሱ። ሁሌም የምትከተሉት ፊትን ነው። መስኮቱ ቢነጣ ይንጣ።

በስልክ፦ ፊቷ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየጎተታችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ።

ደረጃ 5፦ ቡናው ከመቆላቱ እስከ በረካ

መጀመሪያ እሷ የምትፈልገውን ፎቶ አንሱላት

ነጠላዋን ታምጣ። ቀጥ ብላ ትቀመጥ። በደንብ አንሱና አሳዩአት። "እሰይ፣ ይሄ ጥሩ ነው" ካለች በኋላ ነገሩ ለሷ አልቋል። ለእናንተ ግን ገና መጀመሩ ነው። ይህንን የዘለለ ሰው እስከ በረካ ድረስ የምትዘጋጅ ሴት ነው የሚያነሳው።

ሲቆላ፦ እጅ ብቻ

እጅ ካሜራ አያፍርም። ብረት ምጣዱን ስትነቀንቅ ከጎን ቁሙና ፍሬሙን ከእጅ አንጓ እስከ ምጣዱ አድርጉ። ቡናው ሲጠቁር ጭሱ ይበዛል። ጥሩዋ ደቂቃ ለእንግዶች ለማሽተት ምጣዱን ይዛ የምትዞርበት ናት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ጭሱ ያዘነብላል፤ ማንም እናንተን አያይም። ቀድማችሁ መስኮቱን ከእንግዶቹ ጎን የሚያደርግ ቦታ ያዙ።

ለጭስ ያንን ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ 1/250 ከፍ አድርጉት። በዝግታ ካነሳችሁት ጭሱ ወደ ጭጋግ ይለወጣል። ዕጣኑ ሲጨመርም እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ሲፈነጥቅ ሌንስ ላይ ያርፋል። ከማንደጃው ግማሽ ሜትር በታች አትቅረቡ። ከምጣዱ የሚነሳው ጭስም ቅባት አለው፤ ከጭሱ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ሁኑ።

አቦል፦ ካሜራው ጭን ላይ

ጠጡ። ተጫወቱ። ካሜራው እየታየ ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ። ከተደበቀ በኋላ ሲወጣ ሰው ይደነግጣል፤ ሲታይ ከዋለ ግን ዕቃ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሥራችሁ ማየት ብቻ ነው፦ ማን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል? ማን ሲኒውን በሁለት እጅ ይይዛል? ስትቀዳ ከየትኛው ሲኒ ትጀምራለች?

ቶና፦ ቅጂውን አንሱ

ብዙ ሰው ይህችን ይስታል፤ ምክንያቱም የቡናውን ቀጭን ክር በዓይኑ እየተከተለ ፎከስ ለመያዝ ይሞክራል። አይቻልም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከመቅዳቷ በፊት ሦስተኛዋን ሲኒ ምረጡ። እሷ ላይ ፎከስ ያዙ።

2. ሌንሱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ወደ ኤምኤፍ (ፎከስ በእጅ ወደሚደረግበት) ግፉ። አሁን ፎከሱ ተቆልፏል። አትንቀሳቀሱ።

3. ፍጥነቱን 1/500 አድርጉ። ብርሃን ካነሰ ለዚህች ብቻ አይኤስኦው 6400 ይድረስ። ትንሽ ብትሻክር ማንም አይከሳችሁም።

4. ተከታታይ ማንሻው ላይ አድርጉ። ጀበናው ሁለተኛዋ ሲኒ ላይ ሳለ ቁልፉን ተጫኑ፣ አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ልቀቁ። ጥሩ ቀጂ ጀበናውን ቀና ሳታደርግ ስለምታልፍ ክሩ በሦስተኛዋ ላይ ማለፉ አይቀርም።

5. ኤምኤፉን መልሱ። መልሱ! እኔ ረስቼ ሙሉ በረካ ብዥ ብሎብኛል።

በረካ፦ አሁን ፊት

እዚህ ጋ ሲደረስ ወሬው ሞቋል። ሰው ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ሰው ሠርግ ተይዟል። ፍጥነቱን ወደ 1/125 መልሱ፣ ፎከሱን ለመስኮቱ ቀረብ ያለው ዓይን ላይ አድርጉና ጠብቁ። የሚናገረውን አታንሱ፤ የሚሰማውን አንሱ። የሚናገር ሰው አፉ በየፎቶው ተበላሽቶ ይወጣል፤ የሚሰማ ሰው ፊት ግን ከወሬው ጋር ይለዋወጣል። በአንድ ሰው ላይ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ቦታ አትቀያይሩ።

ደረጃ 6፦ ወደ ሰፈር ስትወጡ

ቤት ውስጥ መስኮት የሠራላችሁን ውጭ በር፣ ሸራና የቆርቆሮ ጥላ ይሠሩላችኋል። ፍለጋው አንድ ነው፦ ቦታውን ምረጡ፣ ሰው እስኪገባበት ጠብቁ።

ሰዓት

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በየወቅቱ ብዙ ሳትለዋወጥ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 አካባቢ ትወጣለች፣ ትጠልቃለችም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቁልቁል ነው የምትገባው፤ ስለዚህ ያ ወርቃማ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁን ይዛችሁ ካልቆማችሁ አትደርሱበትም። ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ለሱቅ አምፖል ፎቶ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ ሰማዩም አምፖሉም እኩል ይታያሉ።

ቀን 6 ሰዓት ሜዳ ላይ ፊት አታንሱ። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል። ሰውየውን ወደ በረንዳ ጠርዝ አስገቡት፤ አንድ እርምጃ ወደ ጥላው፣ ፊቱ ወደ ውጭ። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ራሱ ትልቅ መጋረጃ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መሥራት ትችላላችሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃ ያቆረ አስፋልት ካያችሁ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉት፤ የታክሲ ሰልፉ ሁለት ሆኖ ይገኛል።

የሸራ ቀለም

ጉሊት ላይ ሰማያዊ ሸራ ስር የተቀመጠች ሴት ሰማያዊ ትሆናለች። ቲማቲሟም እንዲሁ። ዋይት ባላንስ ብታስተካክሉ እሷ ትመለስና መንገዱ ቢጫ ይሆናል። መፍትሔው ቦታ ነው፦ ከጎን ቀጥታ የቀን ብርሃን የሚገባባትን የዳር ተቀማጭ ምረጡ። ነጭ ወይም ቢጫማ ሸራ ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት። ፊትን ያሞቃል።

ፈቃድ

ጠይቁ። ከሩቅ ሰርቆ በረጅም ሌንስ ማንሳት ፎቶውም እንደ ስለላ ነው የሚመስለው። ሰላም በሉ፣ አንድ ነገር ግዙ፣ "እማማ፣ ቲማቲሙን ሲደረድሩ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?" በሉ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ሂዱ። ልጆችን ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሱ። ለቅሶ ቤት ካሜራ አይገባም። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ግቢ ውስጥ ሳትጠይቁ አታውጡት። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ካምፕ፣ ኤምባሲና የመሳሰሉት አጠገብ ደግሞ ቦርሳችሁን እንኳ አትክፈቱ፤ ማስረዳት ብትችሉም ቀናችሁ ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ሞክሩ

ሦስት ሙከራ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ሥሩ።

አፐርቸር፦ ሲኒ ከፊት፣ ጀበና ግማሽ ሜትር ከኋላ። በኤፍ 1.8፣ በ4 እና በ8 አንሱ። ከኋላ ያለው መቼ ጀበና መሆኑ እንደሚታወቅ እዩ። ለኔ ጥሩው መሃል ላይ ያለው ነው፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ጀርባ ፎቶው የት እንደተነሳ ይደብቃል።

ፍጥነት፦ ፍጥነቱን ራሳችሁ በምትመርጡበት ሞድ ላይ ሆናችሁ፣ ሊስትሮ ብሩሹን ሲያንቀሳቅስ በ1/15፣ በ1/60 እና በ1/500። በ1/15 ላይ ክርናችሁን ጉልበት ላይ ደግፉ፣ እስትንፋስ ያዙ። እጁ እንደ ንፋስ ሆኖ ጫማው ጥርት ካለ ተሳክቷል። ጫማውም ብዥ ካለ የተንቀጠቀጣችሁት እናንተ ናችሁ።

የብርሃን አቅጣጫ፦ አንድ ሰው ዱካ ላይ አስቀምጡና እናንተ በዙሪያው በየሁለት እርምጃው እያነሳችሁ ዙሩ። ስምንት ፎቶ ይሆናል። ማታ አንድ ላይ ደርድራችሁ እዩአቸው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ሁሉ ነገር ብዥ ካለ፦ ፍጥነቱን እዩ። ከ1/60 በታች ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ ከኋላ ያለው ግድግዳ ጥርት ካለ ፎከሱ ነው የሳተው። ምንም ነገር ጥርት ካላለ ማብሪያው ኤምኤፍ ላይ ቀርቷል።

አግድም ጥቁር መስመሮች ከወጡ፦ አምፖሉ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ።

ፊቱ ጥቁር፣ መስኮቱ ነጭ ከሆነ፦ ከመስኮቱ ትይዩ ቆማችኋል። ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፣ መስኮቱን ከፍሬም አውጡ። መንቀሳቀስ ካልተቻለ እስከ 2 ድረስ ጨምሩ።

ጥላው ያለበት የፊት ወገን ጨርሶ ከጠፋ፦ በዚያ ወገን ነጭ ነገር አስቀምጡ። የመሶብ ልብስም፣ ጋቢም፣ ነጭ ካርቶንም ይሆናል። ብርሃኑ ተመልሶ ይመታዋል።

መብራት ከሄደ፦ ደስ ይበላችሁ። ሻማውን ከፊቷ ግማሽ ሜትር አድርጉ፣ ኤፍ 1.8፣ 1/60፣ አይኤስኦ 3200። ነበልባሉን ከሲኒ ወይም ከጀበና ጀርባ ደብቁት፤ በቀጥታ ከታየ ካሜራው ይሳሳታል።

አሁንም ሰው እየደረቀ ካስቸገረ፦ ሥራ ስጡት። ሽንኩርት ይላጥ፣ ሲኒ ያጣጥብ፣ የሕፃን ጸጉር ይሥራ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ፊቱን ይረሳዋል።

ደረጃ 9፦ ምረጡና አሳጥቡ

በዚያው ቀን አትሰርዙ። የዛን ቀን ያመለጣችሁ ፎቶ ያንገበግባችኋል፣ ያላችሁንም በዚያ ዓይን ትጠሉታላችሁ። ሦስት ቀን ቆዩና በሁለት ዙር ምረጡ። መጀመሪያ ፎከስ የሳተውን አውጡ። ቀጥሎ ከሚመሳሰሉት አንድ ብቻ አስቀሩ። ከመቶ አምስት ከተረፈ ጥሩ ቀን ነበር። ስታስተካክሉም ብርሃኑንና ቀለሙን ብቻ ንኩ። ፊት የሚያለሰልሰውን ማጣሪያ ተዉት፤ የእማማ መጨማደድ ላይ ነው ያ ሁሉ የጎን ብርሃን የተለፋው።

ከዚያ አንዷን 10 በ15 አሳጥቡ። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያሳጠባችሁትን ይዛችሁ ወደ ጉሊቷ ተመለሱ። እኔ አንዴ ወስጄ ስሰጥ ሴትዮዋ አገላብጠው አዩትና ከሽንኩርቱ ስር ባለው ሣጥን ውስጥ በፌስታል ጠቅልለው አስቀመጡት። በሚቀጥለው ሳምንት ካሜራውን ሳወጣ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ቲማቲማቸውን መደርደር ቀጠሉ።